የኒሻፑርን ሳህን መልሶ መሥራት፦ የስድስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ጃንዋሪ 3

ባለፈው ኅዳር በአውቶቡስ ኒው ዮርክ ሄጄ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ፊት አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ የኢራን ምሥራቅ በሆነችው ኒሻፑር እንደተሠራ የሚታመን ሳህን ነው። ወርዱ 45.7፣ ቁመቱ 17.8 ሳንቲ ሜትር። በውስጠኛው ግድግዳው ዙሪያ ጥቁር የዓረብኛ ጽሕፈት ይዞርበታል፤ ኩፊ የሚባለው ማዕዘናማው አጻጻፍ ነው። የቀረው በሙሉ ማለት ይቻላል ነጭ ነው። ጽሕፈቱ «አት-ተድቢሩ ቀብለል ዐመል ዩእሚኑከ ሚነን ነደም፤ አል-ዩምን ወስ-ሰላማ» ይላል። «ከሥራ በፊት ማሰብ ከጸጸት ያድንሃል፤ በረከትና ደኅንነት» እንደማለት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ የዓረብኛ ፊደል የቆጠርኩት ቁርአን ቤት፣ በእንጨት ሉሕ ላይ፣ በከሰል ቀለም ነው። ሸክላን የያዝኩት ግን እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተው ሳይ የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝ። ስለዚህ ልሠራው ነው። ረመዳን እስኪገባ ስድስት ሳምንት ተኩል አለኝ፤ ለመጀመሪያው ቀን ማፍጠሪያ ተምር ይቀርብበታል ብዬ ለቤት ሰው ሁሉ ነግሬአለሁ።

መጠኑን መቀነስ ግድ ሆኗል። በጋራ የምንጠቀምበት የሸክላ ቤት እቶን 45 ሳንቲ የሚሰፋ ዕቃ አይቀበልም። 30 ሳንቲ ላይ ወስኛለሁ። የማዝዘው ቀይ ሸክላ ደርቆና ተተኩሶ ስምንት በመቶ ያህል ስለሚሰበሰብ፣ እርጥብ ሳለ 32.6 መሆን አለበት።

ጃንዋሪ 4

ዛሬ እጄን ጭቃ አልነካሁም፤ ያነበብኩትን በደብተር ሳሰፍር ዋልኩ። ነጩ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ስላላስተኛኝ ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ነጭ ዕቃዎች በባሕር ወደ ዐባሲዶች አገር (መቀመጫቸው ኢራቅ ወደነበረ የእስላም ገዢዎች ግዛት) ይገቡ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከብሊቶን ደሴት አጠገብ ሰጥሞ የተገኘው የ9ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ብቻውን 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ጭኖ ነበር። በ836 በተቆረቆረችው የኢራቅ ከተማ በሰማራ ፍርስራሽ ውስጥም የቻይና ገል ተገኝቷል። እነዚያ ዕቃዎች አካላቸው ራሱ ነጭና ጠንካራ ነው፤ ነጭ አፈርና በጣም ኃይለኛ እሳት ይፈልጋሉ። የኢራቅ ሸክላ ሠሪዎች ያ አፈር አልነበራቸውም። የባስራ ሰዎች መላውን በቆርቆሮ አገኙት፤ የቆርቆሮ ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ግሌዝ (በሸክላው ላይ በእሳት ቀልጦ መስታወት የሚሆን ልባስ) ሲቀልጥ እንደ ወተት ይነጣል፣ ሥሩ ያለውን ቢጫ አፈርም ይሸፍናል። በላዩ በኮባልት ሰማያዊ ጻፉ፤ ቆየት ሳይል ደግሞ በብርና በመዳብ ወርቅ የሚመስል ቅብ መሥራት ቻሉ።

በምሥራቁ ግዛት በኮራሳንና ከአሙ ዳርያ ወንዝ ማዶ፣ ሳማኒዶች ከ819 እስከ 999 በገዙት አገር፣ በኒሻፑርና በሰማርቃንድ የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። ቀዩን ሳህን በነጭ ቀጭን ጭቃ አለበሱት፣ በነጩ ላይ ቀለም ባለው ጭቃ ጻፉ፣ ከዚያ ሁሉንም እርሳስ ከሚባለው ማዕድን በተሠራ የጠራ ግሌዝ ሸፈኑ። ጭቃ በጭቃ ላይ፣ መስታወት በላዩ። እኔን የገዛኝ ይኼ ነው፤ ከወርቃማው ቅብ ይልቅ ይኼ ይበልጥብኛል። ውድ ነገር የለበትም። ያለው አፈር ብቻ ነው።

ለእኛ ሰው ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ምጣድ ማሟሸት ነው። የእኛ እናቶች ሸክላውን ያለ ግሌዝ ነው የሠሩት፤ አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር እያሹ ቀዳዳውን ዘግተው፣ አጥቁረውና አልስልሰው ያወጡታል። ዘይቱ የሚሠራውን ሥራ ነው እዚያ መስታወቱ የሚሠራው። የባሕር ማዶ ዕቃ እኛም ዘንድ አልደረሰም አይባልም፤ ከድሬዳዋ ብዙ በማይርቀው ሐርላ፣ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል በመሩት ቁፋሮ፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ዕቃው መጣ፤ የግሌዙ ሙያ ግን አብሮ አልገባም።

ጃንዋሪ 6

ሁለት ሳህን በመንኮራኩር አነሳሁ። ቅርጹ ከታየው በላይ ከባድ ነው። ግድግዳው ከጠባብ መቀመጫ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ የእኔ እጅ ደግሞ የለመደው ሆድ ያለው ዕቃ ነው፣ ሳላስበው ያጎብጠዋል። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ከጎበጠ አሊፍና ላም የሚባሉት የዓረብኛ ፊደሎች ዘንጎች አብረው ይጎብጣሉ። በእንጨት መፋቂያ ከውስጥ እየተጫንኩ አቀናሁት።

ነጩን ጭቃም አዘጋጀሁ፦ ካኦሊን፣ ሌላ ነጭ ሸክላ፣ የተፈጨ ኳርትዝ፣ ጥቂት ፍሪት (አስቀድሞ ቀልጦ የተፈጨ መስታወት ማለት ነው)። በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ አጠለልኩት። ውፍረቱ እንደ እርጎ ሲሆን በቃ።

ጃንዋሪ 9

ሁለቱም ሳህኖች ተበላሹ። ነጩን ያፈሰስኩባቸው ትናንት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስገልጣቸው ከከንፈራቸው አካባቢ ነጩ እንደ ደረቀ የእንጀራ ጠርዝ ተነስቷል። በጥፍሬ ስነካው በአንድ ቁራጭ ረገፈ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራ ውዬ አምሽቼ ስለደረስኩ ሳህኖቹ ከሚገባው በላይ ደርቀው ነበር። ሥሩ ያለው መሰብሰቡን ጨርሷል፣ በላዩ የፈሰሰው ገና መሰብሰብ ይጀምራል፤ የማይሄድ ሰውና የሚሄድ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው አይዘልቁም። ነጩ መፍሰስ ያለበት ጣት ሲጫነው የማይሰምጥ፣ ጥፍር ሲጭረው ግን በቀላሉ የሚቀበል ሲሆን ነው። ያቺ ሰዓት በክረምት ማሞቂያ በሚነድበት ቤት ውስጥ በጣም አጭር ናት።

ሁለቱንም ሰባብሬ ወደ ጭቃ በርሜሉ መለስኳቸው። አልተተኮሱምና የሚባክን የለም። ከተረፈኝ ሸክላ ለቀለም ሙከራ የሚሆኑ ስምንት ቁራጮች ቆርጬ ነጩን በሰዓቱ ቀባኋቸው።

ጃንዋሪ 17

ይህን ቀን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ የሳህኑ ምሥጢር ዛሬ በእጄ ላይ ተፈትቷልና።

በአራቱ ቁራጮች ላይ አንድ አሊፍ በንጹሕ ቀለም ጻፍኩ፤ ማንጋኒዝና የብረት ኦክሳይድ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ። በሌሎቹ አራቱ ላይ ያንኑ ቀለም ከቀይ ሸክላ ጋር አዋሕጄ ጻፍኩ፤ ለ100 ግራም ደረቅ ሸክላ 10 ግራም ማንጋኒዝ፣ 8 ግራም ብረት። ከመጀመሪያው እሳት በኋላ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቀጭንና ወራጅ ግሌዝ ነከርኩ፤ ግሌዙ ወደ ታች እንዲሳብ ቁራጮቹን አቁሜ ተኮስኳቸው።

ዛሬ እቶኑ ሲከፈት ስምንቱን በጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። በውሃ የተጻፈው አሊፍ የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ጭስ የመሰለ ነገር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ሳንቲ ያህል የሚወርድ ጅራት ተጎትቷል። ቀለሙ በቀለጠው መስታወት ውስጥ ሟሙቶ አብሮት ፈስሷል። በጭቃ የተጻፈው አሊፍ ግን የብሩሼ ጸጉር የተወው መስመር ሳይቀር በቦታው ቆሟል። ጠርዙ የተሳለ ነው። በጣቴ ስዳብሰው ከመስታወቱ ሥር ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማኛል።

መስታወቱ ኦክሳይዱን ሊያሟሟው ይፈልጋል፤ ሸክላው ደግሞ በዚያ ሙቀት ስለማይቀልጥ ቀለሙን አቅፎ ይይዘዋል። የኒሻፑር ሰው የኬሚስትሪ መጽሐፍ አልነበረውም። ስንት ሳህን ከፈሰሰበት በኋላ ነው ቀለሙን በአፈር ያሰረው? በዚያ ላይ መዳብ የሚሰጠውን አረንጓዴ እንዲፈስ ፈልጎ የተወበትም ጊዜ አለ፤ በዚያው ዘመን አረንጓዴና ቢጫው ሆን ተብሎ እንደ ዝናብ የሚወርድባቸው ሳህኖች አሉ። መፍሰሱንም ማቆሙንም ያውቅበት ነበር ማለት ነው። ጽሕፈት ለሚጻፍበት ሳህን የሚቆመውን መረጠ።

አንድ ጉድለት፦ ጥቁሬ ጥቁር አይደለም፣ ቡና ነው። ማንጋኒዙን ወደ 14 ከፍ አደርጋለሁ። ማንጋኒዝ ብናኙ ለሳንባም ለነርቭም ጎጂ ስለሆነ ስመዝን ጭንብል አደርጋለሁ፣ እቶኑ ሲነድም ማንም ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥም።

ጃንዋሪ 21

ግሌዙ። እዚህ ላይ ከጥንቶቹ መለየት አለብኝ።

የነሱ ግሌዝ እርሳስ ነው። ኳርትዝ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1700 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ የእርሳስ ኦክሳይድ ሲገባበት ግን በእንጨት የሚነድ እቶን በሚደርስበት ሙቀት ይቀልጣል። ቀልጦ እንደ ማር ይዘረጋል፣ አረፋው በቀላሉ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው ጋር ተስማምቶ ይሰበሰባል። ብርሃንንም ከተራ መስታወት በላይ አጥብቆ ያጎብጣል፤ ሙዚየሙ ውስጥ ጥቁሩ ገና እንዳልደረቀ እርጥብ ቀለም የታየኝ ለዚህ ነው።

እርሳስ ግን መርዝ ነው። ግሌዙ በደንብ ካልተዋሐደ ሎሚና ኮምጣጤ የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ያወጣዋል፤ ከሚበላው ሰው በፊት ደግሞ ዱቄቱን ሲፈጭና ጭሱን ሲስብ የሚኖረው ሠሪው ነው። እኛ ሸክላ ቤት ፈጽሞ አይገባም፤ ቢገባም አልነካውም ነበር። ልጆች የሚበሉበት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

በእርሳስ ፈንታ ቦሮን ያለበትን ፍሪት ያዝኩ። የመጀመሪያው ልክ፦ ፍሪት 85፣ ካኦሊን 10፣ የተፈጨ ኳርትዝ 5። ጠራ፣ አማረ፣ ግን እቶኑ ተከፍቶ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ «ቲክ፣ ቲክ» እያለ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው የበለጠ እየተሰበሰበ ነው ማለት ነው፤ የጠበበ ልብስ እንደሚተረተረው። ኳርትዝ ሲጨመርበት መሰብሰቡ ይቀንሳል። በ8 ተሰነጠቀ፣ በ10 ትንሽ ቀረው፣ በ13 ጸጥ አለ። ከዚያ ላይ ግማሽ በመቶ የብረት ኦክሳይድ ጨመርኩ፤ ቆርቆሮ የመሰለው ቀዝቃዛ ነጭ ወደ ቅቤ ቀለም ጠጋ እንዲል። የሙዚየሙ ሳህን ነጭነት እንደ ወረቀት አይደለም፤ እንደ ዝሆን ጥርስ ነው።

ጃንዋሪ 25

አራት ሳህን አነሳሁ። እርጥብ ወርዳቸው 32.5 እና 33 መካከል ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በጥፍር እየፈተንኩ በሰዓቱ ነጩን አፈሰስኩ። አንዱም አልተነሳም።

ጃንዋሪ 28

የመጀመሪያውን ሳህን ጻፍኩ። ቦታ አለቀብኝ።

በተለመደው አጻጻፍ ጽሕፈቱ 40 ፊደል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ የሚዞረው መስመር ደግሞ በእኔ ሳህን ላይ 88 ሳንቲ ገደማ ነው። ይበቃል ብዬ በዓይኔ መትሬ ጀመርኩ። «አት-ተድቢር» ሲጻፍ እጄ ተፍታታ፣ ፊደልን ከፊደል የሚያያይዙትን መያዣ መስመሮች እንደ ጥንቶቹ አስረዘምኩ፣ ደስ አለኝ። «አል-ዐመል» ላይ ግማሹን ዙሪያ አልፌ ነበር፤ ገና ከግማሽ በላይ ፊደል ይቀረኛል። መጨረሻ ላይ «ወስ-ሰላማ» የሚለው ስምንት ፊደል ያለው ቃል ዘጠኝ ሳንቲ ውስጥ ተጨናንቆ ገባ። ጽሕፈቱ የሚለውን እየጻፍኩ የሚለውን ሳላደርግ ቀረሁ። ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ነጩ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ነጭ አልቀረም፤ ነጩ ሲጠፋ ደግሞ ጥቁሩም ጽሕፈት መሆኑ ቀርቶ እድፍ ይመስላል።

ፎቶውን ለአጎቴ ላክሁለት። ደሴ ነው ያለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ኪታብ ሲያስቀራ የኖረ ሰው ነው።

ጃንዋሪ 29

ንጋት ላይ ደወለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ። ሳህንሽን አየሁት።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ጋሼ። እንዴት አገኙት? መጨረሻው ተጨናንቋል፣ አውቄዋለሁ።»

«መጨረሻው ይቅር። መጀመሪያው ነው ያስቸገረኝ። ከዳሉና ከራው መካከል ስንት ጥርስ አለ?»

«ተድቢር» በሚለው ቃል ውስጥ ዳልና ራ ከሚባሉት ፊደሎች መካከል የሚቆሙትን አጫጭር ጭረቶች ነው ጥርስ የሚላቸው። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሳህኑን ወደ መብራቱ አዞርኩት። አንድ።

«ባ አለች፣ ያ አለች፤ ሁለት መሆን አለበት። ነጥብ በሌለው ጽሕፈት ጥርስ ከጎደለ ቃሉ ተድቢር መሆኑ ቀረ። እኛ በልጅነታችን ሉሕ ላይ ጥርስ ስናጎድል ምን እንደምንባል ታውቂያለሽ።»

«አሳጥበው እንደገና ያጽፉን ነበር።»

«እንግዲያው እጠቢና ጻፊ። አላህ ያግዝሽ።»

ኩፊው በዚህ ሳህን ላይ ነጥብ የለውም። ባ፣ ታ፣ ያ፣ ኑን በቃል መካከል ሲገቡ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥርስ ናቸው፤ አንባቢው ቃሉን ከቅርጹና ከትርጉሙ ይለየዋል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሳህን የገዛ ሰው እንጀራውን እየበላ የሚፈታው እንቆቅልሽ ነበረው ማለት ነው። ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ያለው ሌላው ሳህንም እንዲሁ ነው፤ «ዕውቀት ጣዕሙ መጀመሪያ መራራ ነው፣ መጨረሻው ግን ከማር ይጣፍጣል» ይላል። አገሩ በቤቱ ፋርስኛ እያወራ በሳህኑ ላይ በዓረብኛ ምክር የሚያስጽፍ አገር ነበር።

ነጩ ገና እርጥበት ስለነበረው ሳህኑን በእርጥብ ስፖንጅ እስከ ቀዩ ድረስ አጠብኩት። ያጠብኩበት ውሃ ጠቆረ። ልክ እንደ ሉሕ።

ጃንዋሪ 31

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ።

አስቀድሜ ወረቀት በሳህኑ ልክ ቆርጬ፣ 88 ሳንቲውን በ40 ከፋፍዬ፣ ፊደሎቹን በመጻፊያ እርሳስ አሰፈርኩ። እኩል አልከፋፈልኳቸውም። አሊፍ ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው፣ አንድ ሳንቲ ይበቃዋል፤ ሲንና ካፍ ግን ይንሰራፋሉ። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ አየር ተውኩ፤ የተረፈውን ርዝመት ለመያዣ መስመሮቹ አካፈልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ አስቀምጬ የእያንዳንዱን ቃል መነሻ በመርፌ ጫፍ ነጩ ላይ ወጋሁ፤ ነጥቦቹ በኋላ በግሌዙ ይሞላሉ።

የፊደሎቹ እግር ከከንፈሩ በኩል ነው፣ ራሳቸው ወደ መሃል ይመለከታል። ስለዚህ እጄን አላዞርኩም፤ እጄ ከፊቴ ባለው ቦታ ቆሞ፣ ሳህኑን በግራ እጄ አዞርኩት። የአሊፉ ዘንግ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ ይሾላል። ብሩሹን ከሥር ተጭኜ፣ ወደ መሃል እየጎተትኩ፣ ቀስ እያልኩ አነሳለሁ፤ ትንፋሼን ይዤ። ጭቃው ከቀለም የከበደ ነው፤ ብሩሹ ሦስት ሳንቲ ሄዶ ይደርቃል፣ ተመልሼ ነክሬ ካቆምኩበት መቀጠል አለብኝ። መጋጠሚያው እንዳይታይ ጥንቶቹ የተጠቀሙበትን ዘዴ ተጠቀምኩ፦ ጥቁሩ ጠፈፍ ሲል በሹል ብረት ጫፍ ጠርዙን መፋቅ። ብሩሽ ያወላገደው መስመር በብረት ጫፍ ይቀናል፤ የተፋቀው ጥቁር እንደ በርበሬ ዱቄት ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ሥሩ ነጩ ይታያል። የዘመኑን ሳህኖች ፎቶ በማጉያ ስመለከት ይህ የመፋቂያ ጫፍ ብዙ ቦታ ይታየኛል። ቆንጆው ሹል ማዕዘን ከብሩሽ ብቻ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዳልና ከራ መካከል ሁለት ጥርስ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ሁለተኛውን ሳህን ለመጨረስ አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ «ዩእሚኑከ» ላይ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ካፉ ወፈረ። ሦስተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ያለ ጥርጥር ከእጄ ከወጣው ሁሉ ይበልጣል። አራተኛውን ባዶ ነጭ አድርጌ ለግሌዝ ሙከራ ተውኩት።

ፌብሩዋሪ 8

ሲደርቁ አንድ ሳምንት። በሌሊት ቀስ ብሎ እየሞቀ 1060 ዲግሪ ደረሱ።

ሦስተኛው ከከንፈሩ እስከ «አን-ነደም» ሚም ድረስ ተሰነጠቀ። ሲደርቅ አንዱ ጎኑ ከማሞቂያው አጠገብ ነበር፤ የፊቱ ጎን ቀድሞ ተሰበሰበ። አጠገቡ የተቀመጠ የሌላ ሰው ዕቃ ስለነበር ቦታ እንዲቀየርለት መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ስንጥቁ ፀጉር ያህል ነው፣ ጽሕፈቱ አልተነካም ማለት ይቻላል፤ ግን በጣቴ ሳንኳኳው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሁለተኛው እንደ ደወል ይጠራል። እንግዲህ የሚሄደው ሁለተኛው ነው፤ ከወፈረ ካፉ ጋር።

ተሰብሮ መቅረት የሸክላ ዕጣ ነው። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ1935 እስከ 1940፣ ከዚያም በ1947 ኒሻፑር ውስጥ በቆፈረ ጊዜ ያገኘው አብዛኛው ገል ነው። ቴፔ መድረሳና ሰብዝ ፑሻን ከሚባሉት ጉብታዎች ከወጣው የተወሰነው ቴህራን ቀረ፣ የተወሰነው ኒው ዮርክ ሄደ። ከተማዋን ራሷን በ1221 ሞንጎሎች አፈራርሰዋታል።

ፌብሩዋሪ 11

ባዶው አራተኛ ሳህን በግሌዙ ወጣ። ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ መቀመጫው ላይ ግን ግሌዙ ተጠራቅሞ ወተት የነካው ሰማያዊ ጉም ሠርቷል። ቦሮን ሲወፍር የሚያመጣው ጠባይ ነው፤ እርሳስ ቢሆን ኖሮ አይኖርም ነበር። በቅብ ላይ የሚያርፍ ጉም አልፈልግም። ግሌዙን በውሃ አቀጠንኩት፤ ሁለት ጊዜ ከመንከር ይልቅ አንድ ጊዜ ብቻ አፍስሼ ወዲያው እገለብጠዋለሁ፤ መሃሉ ላይ የተጠራቀመውንም ቀድቼ አወጣለሁ።

ፌብሩዋሪ 14

ሁለተኛው ሳህን እቶን ገባ። በሦስት እግር ባላት ትንሽ የሸክላ ማስቀመጫ ላይ አስቀመጥኩት። ኒሻፑሮችም እንደዚህ ያሉ ሦስት እግሮች ነበሯቸው፤ ሳህን በሳህን ላይ ሲደራርቡ በመካከል ያደርጓቸው ነበር፤ ከተተኮሰ በኋላ ተነቅለው በብዙ ሳህኖች ላይ ሦስት ትናንሽ ጠባሳ ይተዋሉ። የኔው ከሥሩ ስለሆነ ጠባሳው አይታይም። ይታይ ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

1020 ዲግሪ፣ አሥር ደቂቃ ቆይታ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። እስከ ነገ ከሰዓት አይከፈትም።

ፌብሩዋሪ 15

ሙቀቱ 90 ሲል ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጌ ዘጋሁ። 40 ሲሆን አወጣሁት።

ነጩ የዝሆን ጥርስ ነው። ጥቁሩ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወደ ቡና ይሸሻል፣ መሃሉ ግን ጥቁር ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ሆኖ ከጎን ሲታይ ከፍ ብሎ ጥላ ይጥላል። አልፈሰሰም። አንድም ፊደል። የአሊፉ ጫፍ መርፌ ያህል ሹል ሆኖ ቆሟል። ጉም የለም። «ቀብል» የሚለው ቃል ላይ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል አንዲት የአየር ቀዳዳ አለች። ወርዱ 30.1 ሳንቲ ነው። ሦስት ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ አዳመጥኩት፤ «ቲክ» አላለም።

ከእርሳሱ ጋር ሲተያይ ብርሃኑ ያነሰ ነው፤ ይህን አልክድም። የሙዚየሙ ጥቁር እርጥብ ይመስላል፣ የኔ ደረቅ ቀለም በመስታወት ሥር ይመስላል። ለሚቀጥለው ሳህን የፍሪቱን ዓይነት ለውጬ እሞክራለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1301 አቡል ቃሲም የተባለ፣ ከካሻን ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ ሰው የጻፈውን የነጭ አካል አሠራር መሞከር እፈልጋለሁ፤ አሥር እጅ የተፈጨ ኳርትዝ፣ አንድ እጅ ፍሪት፣ አንድ እጅ ነጭ ሸክላ። ከአፈር ይልቅ ድንጋይ የሚበዛበት ጭቃ ነው፤ በመንኮራኩር ላይ ይቆማል ወይ የሚለውን በእጄ ማየት አለብኝ።

ፌብሩዋሪ 17

ለአጎቴ በቪዲዮ አሳየሁት። ስልኩን ከሳህኑ በላይ ይዤ በቀስታ አዞርኩ፤ እሱም መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እያንዳንዱን እያነሳ፣ እየያዘ፣ ለደረሶቹ በሚያነብበት ድምፅ አነበበ። «ተድቢር» ላይ ቆመና ጥርሱን ቆጠረ። ከዚያ ቀጠለ። «ወስ-ሰላማ» ሲል ሳህኑ ዞሮ ከጀመረበት ደርሶ ነበር።

«ማሻ አላህ» አለ። «ነገ ስታፈጥሩ ተምሩን በዛ አታድርጊበት፣ ልጄ። ጽሕፈቱ ይታይ።»

ሰባት ፍሬ አስቀምጬበታለሁ።